የፈረምነው ወረቀት፦ ከነፃ ትምህርት እስከ ኮስት ሼሪንግ

ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ አምጪ ስባል መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዶርም ሕይወት፣ ስለ አናቶሚ ክፍል ሽታና ስለ ኢንተርንነት ሌሊቶች መጻፍ ነበር። እሱን ከእኔ በተሻለ የሚያወሩ ልጆች ስላሉን ተውኩት። ይልቅ ማናችንም አልበም ውስጥ ያላስቀመጥነውን አንድ ወረቀት ላንሳ። በ1996 ዓ.ም. የገባን ልጆች፣ ግቢውን እንኳ በቅጡ ሳንለምደው፣ ተሰልፈን የፈረምነውን ወረቀት ማለቴ ነው። በሕግ ስሙ የወጪ መጋራት ውል፣ በግቢ ስሙ ኮስት ሼሪንግ። ውሉን በኢትዮጵያ ከፈረሙት የመጀመሪያዎቹ መካከል ነን።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ማንም አላነበበውም። ጉርድ ፎቶ ለጠፍን፣ ስም ሞላን፣ ምግቡንና መኝታውን በዓይነት እንደምንወስድ ምልክት አደረግን፣ ፈረምን። ከኋላዬ የቆመች ልጅ «ይሄ የካፌ ካርድ ነው አይደል?» ብላ ጠይቃኝ «አዎ መሰለኝ» ብያታለሁ። ይቅርታሽን፣ እህቴ።

እኔ የመጣሁት ከጨፋ ሮቢት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት፣ ሰንበቴን አልፎ ከሚሴ ሳይደርሱ፣ በጨፋ ሜዳ ዳር ያለች ከተማ ናት። ቦርከና በሚያጠጣው በዚያ ሜዳ ላይ በጋ ሲሆን የእኛም፣ የአፋሩም፣ የአርጎባውም ከብት ይሰማራል። አባቴ ገበሬ ነው። ክረምት ላይ ቤት ስመለስ ስለ ወረቀቱ ነገርኩት። ቤት ውስጥ የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ ዕዳ ግን በኦሮምኛም ዕዳ ነው።

«ዕዳ ፈረምሽ?»

«አዎ አባ። ሥራ ስይዝ ከደመወዜ የሚቆረጥ ነው።»

ትንሽ ዝም አለና «ወለድ አለው?» አለኝ። በእኛ አካባቢ ከገንዘቡ ብዛት በፊት የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። የያዝኩትን ቅጂ አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ወለድ የሚል ቃል አላገኘሁበትም። አባቴ ግን በእኔ ንባብ ብቻ አልረካም፤ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሼሁ ሄደ። ሼሁም «ወለድ ከሌለው ብድር ነው፤ ብድር ደግሞ ይመለሳል» ብለው ሸኙት። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ስንት በሬ ይሆናል?» የሚል ነበር። የስድስት ዓመቱን በግምት ደመርነው፤ ወደ 17 ሺህ ብር መጣ። በዚያን ጊዜ የሰንበቴ ገበያ ዋጋ ከአሥር በሬ በላይ ነው። እኛ የነበረን አንድ ጥማድ። አባቴ ወረቀቱን አጣጥፎ ቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ ከግብር ደረሰኞቹ ጋር አስቀመጠና «ድሮ መንግሥት በነፃ ያስተምር አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቼም ቢሆን እዚህ ልሞክረው።

አዎ፣ በነፃ ያስተምር ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ሲከፈት ተማሪው ለትምህርቱ አይከፍልም፤ የሚያድረውና የሚበላውም በመንግሥት ወጪ ነበር። የእኛው ጎንደር ታሪክ ደግሞ ትንሽ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1947፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከሉ ጎንደር ላይ ተከፈተ። ወጪውን የኢትዮጵያ መንግሥት ብቻ አልቻለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት አብረው ገቡበት። ስለዚህ ከእኛ በፊት በዚያ ግቢ የበላ ሁሉ የበላው ከአንድ ድስት አይደለም፤ የገበሬው ግብርም የሩቅ አገር ሰው ግብርም ነበረበት።

በምላሹስ ምን ተጠየቁ? ጤና መኮንኑ፣ ኮሚዩኒቲ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በቡድን ሆነው ቆላ ድባን ወደመሰሉ ጤና ጣቢያዎች ወረዱ። እየተማሩ ይሠሩ ነበር፤ ሲመረቁም ወደየጠቅላይ ግዛቱ ተመደቡ። ዛሬ «ቲም ትሬኒንግ» እያልን የምንኮራበት ነገር መነሻው ይሄው ነው። ገንዘብ ክፈሉ ያላቸው የለም፤ የተመደቡበት ቦታ መሄድ ግን ነበረባቸው።

ይህ ሐሳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን ደንብ ሆኖ ወጣ። ከ1957 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ አገር ወርዶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። አብዛኞቹ በየአውራጃው መምህር ሆኑ። አገልግሎቱን ያልጨረሰ ዲግሪ የለውም። እኛ «ዲግሪያችንን ያዙብን» እያልን ስናማርር አዲስ ነገር የመጣብን ይመስለን ነበር፤ አባቶቻችን ግን በዚያው ገመድ ታስረው ነበር።

ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ የወሎ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል። በ1965 የወሎ ረሃብ ሲደበቅ የዩኒቨርሲቲው መምህራን የረሃቡን ፎቶግራፍ ግቢ ውስጥ ለዕይታ አቀረቡ፤ ተማሪዎቹም ቁርሳቸውን ትተው ገንዘቡ ለረሃብተኛው እንዲደርስ አደረጉ። መንግሥት ለተማሪ የሚያወጣው የቁርስ ገንዘብ ተመልሶ ለወሎ ገበሬ ሄደ ማለት ነው። ስለ ተማሪ ድጎማ ከሰማሁት ታሪክ ሁሉ ይሄ ከልቤ አይወጣም። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ በመጣው በሌላኛው፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ዓመት ነው።

ወዲያው ደግሞ ጥያቄው ፖለቲካ ሆነ። ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ጥናት የመንግሥት ገንዘብ ከከፍተኛ ትምህርት ይልቅ ወደ መሠረታዊ ትምህርት ያዘንብል የሚል ሐሳብ ነበረው። በአዳራሽ ውስጥ ሲሉት ፍትሐዊ ይመስላል። መምህሩና ተማሪው ግን የድሃ ልጅ ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል ሊቆረጥ ነው ብለው ተነሡ፤ የየካቲት 1966 አብዮት ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱም ሆነ። ጥናቱ ተቀበረ። ልብ በሉ፣ ተቀብሮ አልቀረም።

በደርግ ጊዜ ነፃው ትምህርት ቀጠለ፤ ክፍያው ግን ከበደ ብል አላጋነንኩም። በ1967 ተማሪው በሙሉ ለዕድገት በህብረት ዘመቻ ገጠር ወረደ። በ1971 ጎንደር ላይ የሕክምና ፋኩልቲው ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲከፈት፣ ብር ያልነበራት አገር ሐኪም ማሠልጠን የቻለችው አሁንም በወዳጅ አገር እጅ ነው። ተመራቂው በምደባ ይሄዳል፤ አልሄድም ማለት አይታሰብም። ከዚያ ትውልድ ያሉት መምህሮቻችን ስለ ምደባቸው ሲያወሩ አንዳንዱ እንደ ጀብዱ፣ አንዳንዱ እንደ እስር ነበር የሚያወራው። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

ለውጡ የመጣው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጋር ነው። ፖሊሲው የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ቅድሚያ እስከ 10ኛ ክፍል እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ግን ወጪ መጋራት እየጨመረ እንደሚሄድ በግልጽ አስቀመጠ። እንዴት የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ተንከባለለ። በዚህ ጊዜ ዓለም ላይ የሚወራለት መንገድ የአውስትራሊያ ነበር። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ተማሪው መጀመሪያ ይማር፣ ገቢ ሲያገኝ ከገቢው ላይ ይክፈል የሚል ሥርዓት ዘርግታለች። ያንን ሥርዓት ከቀረጹት አንዱ የሆነው ኢኮኖሚስት ብሩስ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ገንዘብ አቅርቦት ጥናት ጽፏል። የእኛ ወረቀት የሩቅ ዘመድ አውስትራሊያ ውስጥ አለ ብል ብዙም አልተሳሳትኩ።

አዋጅ ቁጥር 351/1995 ወጪ መጋራትን ሕግ አደረገው፤ ተከትሎት የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ዝርዝሩን አስቀመጠ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ሥራ ሲይዝ ቢያንስ ከወር ገቢው 10 በመቶ በአሠሪው በኩል እየተቆረጠ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ይገባል፤ ቢበዛ በ15 ዓመት ያልቃል። ቀድሞ መክፈል ለቻለ ቅናሽ አለው። መምህር ለመሆን የሚሠለጥን በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት ይከፍላል። በ2000 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 154 ተተካ፤ አጥንቱ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙኝ አውቃለሁ፤ እኔ ሐሳቡን አልቃወምም። በልጅነቴ ከጨፋ ሮቢት ዩኒቨርሲቲ የገባውን ሰው በጣት መቁጠር ይቻል ነበር፤ ግብር ግን ሁሉም ይከፍላል። የአባቴ ሳጥን ሙሉ የመሬት ግብር ደረሰኝ ነው። ልጁን አንደኛ ደረጃ እንኳ ያላስጨረሰ ጎረቤታችን በከፈለው ግብር እኔ ጎንደር ተቀምጬ ሐኪም ስሆን፣ ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ትንሽ መልሺ መባሌ ምኑ ነው ነውሩ? በ1999 ገደማ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ አሥራ ሦስት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲጀመሩ፣ የዚያን ሁሉ ተማሪ ሽሮና አልጋ በነፃ መቻል የሚታሰብ አልነበረም። የእኛ አካባቢ ልጅ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መማር የቻለው በዚህ መስፋፋት ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ቦታ ነው፤ ከወረቀቱ በኋላ በሚመጣው ወረቀት ላይ።

በ2002 ተመርቄ ዕጣ አወጣሁና አንድ ቆላ ሆስፒታል ደረሰኝ። ሆስፒታሉን አልጠራውም፤ ብዙ የተማርኩበት፣ ብዙ ያለቀስኩበት ነው። ከመጀመሪያው ደመወዜ ጀምሮ 10 በመቶው ተቆረጠ። ፔይሮሉ ላይ በየወሩ እየፈረምኩ አየዋለሁ። አራት ዓመት እንዲሁ ሄደ። ሐኪም ስለሆንኩ የአገልግሎት ግዴታውም አብሮ ነበረብኝ፤ ማለትም የ1957ቱንም የ1995ቱንም ዕዳ አንድ ላይ ከፈልኩ።

በ2008 ውጭ አገር የስፔሻሊቲ ዕድል አገኘሁ። ኦሪጅናል ዲግሪና ትራንስክሪፕት አምጪ ተባልኩ። ኦሪጅናሉ የሚለቀቀው የኮስት ሼሪንግ ክሊራንስ ሲመጣ ነው። ክሊራንሱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስሄድ፣ በስሜ ገቢ የሆነው የ14 ወር ብቻ ነው አሉኝ። የቀረውስ? «አሠሪሽን ጠይቂ።» አሠሪዬ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። የሂሳብ ሠራተኛው ተቀይሯል፣ ከእሱ በፊት የነበረውም ተቀይሯል፣ ፋይሉ የለም። ፔይሮሉ ላይ ፈርሜያለሁ እንጂ ቅጂ በእጄ አልነበረም። ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ከጓደኞቼ ተበድሬ ቀሪውን በአንድ ጊዜ ከፈልኩት፤ ያውም አብዛኛውን ለሁለተኛ ጊዜ። ክሊራንሱ እጄ የገባው የማመልከቻው ቀን ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ስፔሻሊቲዬን በኋላ እዚሁ አገር ሠራሁ፤ ተመስገን፣ አልተጎዳሁም። ግን ያቺን ኢሜይል እስከ ዛሬ አላጠፋኋትም።

ለአባቴ ስነግረው የሳቀው ሳቅ! ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ያለውን የግብር ደረሰኝ ሳጥን ውስጥ አስቀምጧል፤ ዶክተሯ የአራት ዓመት ደረሰኝ የላትም። ከዚያም ሳቁን አቁሞ «ገንዘቡ የተቆረጠው ከአንቺ ነው፤ ታዲያ ዕዳው እንዴት የአንቺ ሆኖ ይቀራል?» አለ። ይሄ የሕግ ጥያቄ ነው፤ እዚህ መጽሔት ላይ የሚጽፉ የሕግ ምሩቃን ካሉ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ደንቡ አሠሪው ቆርጦ እንዲያስገባ ያዛል። አሠሪው ቆርጦ ባያስገባ ግን ዲግሪው የሚታገተው የተማሪው ነው።

የእኔ ነገር የተለየ እንዳይመስላችሁ። ባቾቼን ሳነጋግር እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው። ደመወዙ መንግሥት ፔይሮል ላይ የሆነ ሰው ወደደም ጠላም ይቆረጥበታል። የግል ሥራ የጀመረ፣ ነጋዴ የሆነ፣ አገር ጥሎ የወጣ ደግሞ ኦሪጅናሉን እስካልፈለገ ድረስ የሚጠይቀው የለም። አውስትራሊያ ላይ ሥርዓቱ የሚሠራው የግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት እያንዳንዱን ሰው በቁጥሩ ስለሚያውቀው ነው። እኛ ሥርዓቱን አመጣን፤ መዝገቡን ግን በየመሥሪያ ቤቱ የሂሳብ ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ኮምቦልቻና ከሚሴ ሲደርስ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሲዘረፍ፣ መደርደሪያ ምን ያህል እምነት እንደሚጣልበት ሁላችንም አየን። የአክስቴ ልጅ ደረሰኞቹን እንደ እኔ ሳይሆን በሥርዓት ይዞ ነበር። ከቤቱ ጋር ሄዱ።

ስለ ዋጋውም አንድ ነገር ልበል። 17 ሺህ ብር በ1996 ከአሥር በሬ በላይ ነበር። ዛሬ ሰንበቴ ላይ አንድ ደህና በሬ አይገዛም። ወለድ የሌለው ዕዳ ብር ሲወድቅ አብሮ ይሟሟል፤ ቶሎ የከፈለ ተጎዳ፣ የዘገየ ተጠቀመ። ይህንን ደንቡን ያወጣው ሰው አስቦበት አይመስለኝም። አሁን የሚገቡት ልጆች ሒሳብ ግን በእኛ ዘመን ሒሳብ አይለካም። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው 22 ብር የነበረው በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። መጨመሩ ተገቢ ነው፤ በ22 ብር ምን እንደሚበላ ካፌ የበላ ያውቃል። ግን ምግቡ ሙሉ በሙሉ የሚጋሩት ወጪ ነውና ውሉም አብሮ ያብጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም ተራ ይዘዋል። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበረም አስታውሱ። ያንን በር አልፎ የመጣ የገጠር ልጅ ቀጥሎ የሚያገኘው ይህንን ወረቀት ነው።

ማኅበራችን ባለፈው ስብሰባ ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሆን ገንዘብ ስለማሰባሰብ ተነጋግሯል። እደግፋለሁ፤ እከፍላለሁም። ነገር ግን ሳሙናና የመመለሻ ትራንስፖርት ብቻ አይሁን። ከሬጅስትራር ጋር ተነጋግረን ለእያንዳንዱ ተመራቂ የውሉን ቅጂና የድምር ዕዳውን ወረቀት የሚሰጥ፣ ከተመረቀ በኋላም በየዓመቱ «ገቢ ተደርጎልሃል ወይ?» ብሎ የሚያስታውስ አንድ ሰው ብንመድብ፣ ከብዙ ብር ይበልጣል። በግቢው ያሉ መምህራን ይህንን ከእኛ በተሻለ መጀመር ትችላላችሁ።

ዘንድሮ ከጨፋ ሮቢት የጎረቤታችን ልጅ ጤና ሳይንስ ደርሷት ገባች። ባለፈው ከሰልፍ ላይ ሆና ደወለችልኝ።

«እትዬ ዶክተር፣ ፎርም እየሞላን ነው። ምግብ በዓይነት ወይስ በገንዘብ ይላል። ምን ልበል?»

ከቤት ምን ያህል እንደሚላክላት ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለች። «በዓይነት በይ» አልኳት። «ግን ከመፈረምሽ በፊት ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ስትጨርሺ ሁሉንም ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ዋናውን ቅጂ ደግሞ ቤት ስትሄጂ ለአባቴ ስጪው፣ ሳጥን አለው።»

ማታ አራቱም ገጽ በቴሌግራም ደረሰኝ። ሦስተኛው ስለደበዘዘ እንደገና እንድታነሳው ነገርኳት።